ፎሊክ አሲድ ለመዋጥ የደም ውጤት አይጠበቅም

ሰሞኑን ስለ ቫይታሚን ምርመራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ኮዬ ፈጬ ላይ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። የምሠራው እዚሁ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ፋርማሲ ስለሆነ ያነበበው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። "ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?" ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። እዚህ ሰፈር ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ባንኮኒ ተደግፌ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ በጽሑፍ ልመልስ ብያለሁ።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ ይህን ይላል። ማንም ሰው ደሙ ሳይለካ ቫይታሚንም ሆነ ማዕድን አይውሰድ። ጤነኛም ቢሆን በየ6 ወሩ ከ20 በላይ ነገር የሚለካ "ሙሉ ፓኬጅ" ያሠራ። ነፍሰ ጡርም ብትሆን ፎሊክ አሲድ ከመውሰዷ በፊት ደሟ ውስጥ ያለው የፎሌት (ያው ቫይታሚን ነው) መጠን ይታይ። ጤፍ የሚበላ ሰው ስለ አይረን አያስብ፤ ሄሞግሎቢኑ (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ኖርማል ከሆነ አይረኑ ሙሉ ነው። የደከመው ሰው ቫይታሚን ዲ ይለካ፤ ከ30 በታች ከሆነ በሳምንት 50,000 ዩኒት ይዋጥ። ቢ12 የሚያሰጋው ሥጋ የማይበላን ብቻ ነው። ከመጠን በላይ ቢወሰድ ደግሞ ችግር የለውም፤ ትርፉ በሽንት ይወጣል።

የጽሑፉ መነሻ ጥሩ ነው። ሰው ያለ ምክንያት ይውጣል፣ ያለ ምክንያት ይወጋል። ለልጁ "ምግብ የሚያስበላ" ሽሮፕ የሚጠይቀኝ አባት አለ። ጎረቤቷ ተወግታ ስለተሻላት ብቻ ኒውሮቢዮን የሚባለውን የቢ ቫይታሚኖች መርፌ የምትፈልግ እናት አለች። ቆም በሉ መባላቸው ደግ ነው። ችግሩ የተሰጠው መፍትሔ ነው። ሳይመረመሩ መወሰድ ያለበት አለ። ሳይመረመሩ መውሰድ የማይገባም አለ። ቢመረመርም ብዙ የማይነግረን ደግሞ አለ። ጸሐፊው ሦስቱን አንድ ላይ ጨፍልቀው ለሁሉም አንድ ትእዛዝ ሰጡ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የነፍሰ ጡሯ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

"ነፍሰ ጡርም ብትሆን መጀመሪያ ፎሌቷ ይለካ"

የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ፅንስ ከተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። አሁን የጸሐፊውን ምክር እንከተል። ሴትየዋ የወር አበባዋ ይዘገያል። ትጠራጠራለች። ሳምንት ትጠብቃለች። ከዚያ ለፎሌት ደም ትሰጣለች። እዚህ አካባቢ ያሉ ትንንሽ ክሊኒኮች ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ሽንትና ሰገራ ይሠራሉ፤ እንዲህ ያለውን ግን ናሙናውን ወደ መሀል ከተማ ነው የሚልኩት። ውጤቱ እስኪመጣ ቱቦው ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ሳይዘጋ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ የሚዋጠው ክኒን የቀረውን ክፍተት አይደፍነውም።

ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛዋም ሴት ለማርገዝ ካሰበችበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ የሚለው። "ከተለካች በኋላ" አይልም። በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ የወለዱ ሴቶችን ይዞ ነበር። ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ላይ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀንሷል። አገራችን ይህ የአፈጣጠር ችግር በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። ጀርባው ላይ እባጭ ይዞ የተወለደ ሕፃን ያየ ሰው ስለ ላቦራቶሪ ወረፋ አያወራም።

"ብትለካስ ምን ይጎዳል?" የሚል ይኖራል። በሴረም (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) የሚለካው ፎሌት ሰሞኑን የተበላውን ነው በብዛት የሚያሳየው። ትናንት ጎመንና ምስር በደንብ የበላች ሴት ጥሩ ቁጥር ልታገኝ ትችላለች። በቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚለካው የተሻለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእሱ መነሻ ቁጥር ሲያወጣ ግን ለሕዝብ መገምገሚያ እንጂ የአንዲትን ሴት ዕጣ ለመተንበይ እንደማይሆን ጽፏል። ስለዚህ "ኖርማል ነው፣ አትዋጪ" የሚያስብል ምርመራ የለም። ምርመራው ጥሩ ነሽ ብሎ የተዋት ሴት ናት የምትጎዳው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው አሉ። ከዚህ በፊት ችግሩ ያለበት ልጅ የወለደች፣ ወይም እንደ ቫልፕሮት ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት የሚታዘዝላት መጠን ከፍ ስለሚል ሐኪም ጋ ትሂድ። ይህም ቢሆን በታሪኳ ነው የሚወሰነው።

ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ክኒን ላይም ያው ነው። በውስጡ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለ። ፌሪቲን (የተከማቸ አይረን መለኪያ) ተለክቶ አይደለም የሚሰጠው። ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ አፋቸው ላይ የሚጨመቅላቸው የቫይታሚን ኤ ጠብታም ደም ተቀድቶ አይደለም። የአዮዲን ጨውም እንደዚሁ። በሽንት የሚለካ አዮዲን ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ የሚያገለግለው የአንድን አካባቢ ሕዝብ ለማወቅ ነው። ችግሩ ሰፊ፣ መፍትሔው ርካሽ፣ መጠኑም ደኅና ሲሆን ለሁሉም ይሰጣል። አንዷ እናት ጽሑፉን አንብባ የጤና ጣቢያውን ክኒን አቁማ መጥታለች። ወይዘሮዋን አረጋግቼ ልኬያታለሁ፤ ጸሐፊውን ግን ይህን አንቀጽ ያጥፉልን እላለሁ።

"ጤፍ የሚበላ ሰው ስለ አይረን አያስብ"

ጤፍ ውስጥ አይረን አለ። የቱን ያህሉ ከእህሉ፣ የቱን ያህሉ ከአውድማው አፈር እንደሆነ ግን ሲያከራክር የኖረ ነው። መሬት ላይ በበሬ የተወቃ ጤፍ አፈር ይዞ ይመጣል። ላቦራቶሪ ሲለካው አይረን ሆኖ ይቆጠራል፤ ሰውነታችን ግን የአፈሩን አይረን እምብዛም አይጠቀምበትም። በዚያ ላይ እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አይረኑን ጠፍሮ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ሁሉም ግን አይጠፋም። ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይታጠብ ቡና ሲቀርብ ደግሞ ያለውም ይባክናል። ቡናና ሻይ አይረን እንዳይሰርግ ያደርጋሉ። ቡናውን ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ወጡ አጠገብ ቃሪያና ሎሚ ማድረግ ከብዙ ክኒን ይሻላል።

ጤፍ ቢበቃን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ አይሆንም ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አግኝቷል። ሁሉም በአይረን እጥረት አይደለም፤ ወባም፣ የአንጀት ትልም፣ ሌላም አለ። ግን እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ነው።

"ሄሞግሎቢን ኖርማል ከሆነ አይረን ሙሉ ነው" የሚለውም ተገልብጧል። ሰውነት መጀመሪያ የሚያራቁተው መጋዘኑን ነው። ሄሞግሎቢን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። መጋዘኑን የሚያሳየን ፌሪቲን ነው። ጤነኛ አዋቂ ላይ ከ15 ማይክሮ ግራም በሊትር በታች ከሆነ መጋዘኑ ባዶ ነው ይባላል። ፌሪቲንም ቢሆን ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሲኖር ይጨምራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው እንዲህ ላለ አዋቂ መቁረጫውን (እጥረት የሚባልበትን መስመር) ወደ 70 ከፍ ያደርገዋል። ጉንፋን ይዞት፣ ትኩሳት ላይ ሆኖ ፌሪቲን የሚለካ ሰው ገንዘቡን ወረወረ ማለት ነው። ሲሻለው ይለካ፣ ወይም ሲአርፒ (የብግነት መለኪያ) አብሮ ይታይለት።

አሁን ጸሐፊው ጨርሶ ወዳልነኩት ነገር ልምጣ። የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ነች፤ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሲደረስ ከዚያም ይበልጣል። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መቁረጫው በከፍታ ይታረም ይላል። የድሮው ሠንጠረዥ 2,000 ሜትር ላይ በዴሲ ሊትር 0.8 ግራም ይጨምር ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ከዚያም ከፍ አድርጎታል። በእጃችን የሚገባው የውጤት ወረቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታተመው ከማሽኑ ጋር የመጣ ቁጥር ነው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12 ይላል። 12.3 ያመጣች የሱሉልታ ሴት "ኖርማል" ተብላ ትመለሳለች።

ነገሩ እዚህም አያበቃም። በ2002 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን ለክተው፣ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም ያልራቀ ሆኖ አግኝተውታል። ሄሞግሎቢናቸው በጣም ከሚጨምረው የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ጋር ፍጹም አይመሳሰሉም። እና ለእኛ እርማቱ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይ? ባለሙያዎች የሚከራከሩበት ነው። ለደንበኛዬ የምላት ግን ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ ከመስመር የወጣውን የምታመለክተው ኮከብ ብቻዋን አትወስንም። የወር አበባሽ ይበዛል? ስትወጪ ስትወርጂ ትንፋሽ ያጥርሻል? አፈር ወይም በረዶ ያምርሻል? መልሱ አዎ ከሆነ ፌሪቲን የሚለካበት ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጸሐፊው "ሳትመረመሩ አትውሰዱ" ያሉት በትክክል የሚሠራው ወንዶች ላይ ነው። አዋቂ ወንድና የወር አበባዋ የቆመ ሴት አይረን ካጠራቸው ደሙ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የጨጓራ ቁስል፣ የአንጀት ትል፣ አንዳንዴም ካንሰር። ጋሼ አይረን ወስደው ቢሻላቸው ምንጩን ሸፈንነው ማለት ነው። ጽሑፉ ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሰጠም።

"የደከመው ሁሉ ቫይታሚን ዲ ይለካ"

እዚህ ሰፈር ደክሞኛል የማይል ሰው አሳዩኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ሰልፍ ይዞ ሜክሲኮ የሚገባ፣ ማታ 3 ሰዓት የሚመለስ ሰው ይደክመዋል። ይህን የሚለካ ላቦራቶሪ የለም። በሽታ ከሆነም መጀመሪያ የሚታዩት ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቲቢ፣ ድባቴ ናቸው።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። 13 ወር ፀሐይ አለን ማለት ዲ አይጎድለንም ማለት አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አዳማ ከተማና ዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ተማሪዎችን ለክቶ 42 በመቶዎቹ እጥረት እንዳለባቸው አግኝቷል። የከተማዎቹ ልጆች ከገጠሮቹ በጣም ብሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የገጠሩ ልጅ ከብት ይዞ ውጭ ይውላል፣ የከተማው ቤት ይውላል። አራተኛ ፎቅ ላይ በመስኮት የሚገባ ፀሐይም ለዚህ አይጠቅምም፤ ዲ የሚያሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ሕፃን በጠዋት ቅቤ ቀብቶ ፀሐይ ማሞቅ የእናቶቻችን ልማድ ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየቀረ ነው፤ ያሳዝነኛል።

እጥረቱ ከበዛ ታዲያ ለምን ሁሉም አይለካም? መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ አልረጋም። 30 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር የሚለው መቁረጫ በ2011 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው የኢንዶክሪን ሶሳይቲ (የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር) መመሪያ የመጣ ነው። በዚያው ዘመን የአሜሪካው የሕክምና ተቋም ለአብዛኛው ሰው 20 ይበቃል ብሎ ነበር። 24 ያመጣ ሰው በአንዱ ታማሚ፣ በሌላው ጤነኛ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሶሳይቲው ራሱ 30ን መደገፉን ትቶ፣ ጤነኛ አዋቂዎች ላይ የዘወትር ምርመራ አይደረግ ብሏል። ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ከ75 ዓመት በላይ ያሉትን በተመለከተ ደግሞ ሳይለካ መስጠት ይቻላል ነው ያለው። ጸሐፊው የያዙት አሮጌውን ነው።

ሁለተኛ፣ ጤነኛ ሰው ቢሞላውም ያን ያህል አያተርፍም። አሜሪካ ውስጥ 25,871 ሰዎችን የያዘው ቪታል የተባለው ጥናት በቀን 2,000 ዩኒት ዲ ሰጥቶ ካንሰርንም የልብ በሽታንም አልቀነሰም። በኋላ የአጥንት ስብራትም ታይቶ ልዩነት አልተገኘም።

ሦስተኛ፣ የመለኪያው ነገር። አንዱ ላቦራቶሪ በናኖ ግራም፣ ሌላው በናኖ ሞል ይጽፋል። የኋለኛው ቁጥር በ2.5 እጥፍ ይበልጣል። 50 ናኖ ሞል ያመጣች እህት "ከ30 በላይ ነኝ" ብላ ስትደሰት፣ ባሏ በሌላ ቦታ 22 ናኖ ግራም አምጥቶ ሲጨነቅ አይቻለሁ። እሷ በናኖ ግራም ሲሆን 20 ነች። እሱ ይሻላታል።

መለካት ያለበት አለ። እግሩ የሚንሻፈፍ ልጅ፣ አጥንቱን የሚያመው፣ የኩላሊት ወይም የጉበት በሽተኛ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ። 50,000 ዩኒቷም ለእነዚህ በሐኪም ለተወሰኑ ሳምንታት የምትታዘዝ ናት። ማብቂያ ሳይነገረው ዓመት ሙሉ የሚውጣት ሰው ካልሲየሙ ደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል።

"ማዕድናቱም በደም ይታወቃሉ"

ይህን ቶሎ እንለፈው። ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ደም ውስጥ ሲያንስ ሰውነት ከአጥንት አውጥቶ ይሞላዋል፤ አጥንቱ እየሳሳ ወረቀቱ ኖርማል ይላል። ማግኒዚየም ደም ውስጥ ያለው ከ1 በመቶ በታች ነው። ዚንክ በኢንፌክሽንም፣ ከምግብ በኋላም ይወርዳል። እጅ ላይ ብረት አስጨብጠው ኮምፒውተር ላይ "ዚንክህ 40 በመቶ ነው" የሚሉት ሱፕልመንት ሻጮች ዘንድማ ምርመራ የሚባል ነገር የለም።

"ሙሉ ፓኬጅ" ሲባል ደግሞ አንድ ሒሳብ አለ። ኖርማል ሬንጅ (ኖርማል የሚባለው የቁጥር ክልል) ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጤነኛ ሰዎች 95 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ ነው። 5 በመቶው ጤነኛ ሆኖ ከመስመር ይወጣል። እርስ በርስ ያልተያያዙ 20 ነገሮችን ብትለኩ፣ ምንም ሳይኖርባችሁ ቢያንስ አንዱ ከመስመር የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ፓኬጁ ብዙ ጊዜ የሚሸጥ ነገር ያገኛል። ለብዙ ቤት የፓኬጁ ዋጋ የአስቤዛ ገንዘብ ነው፤ በዚያ እንቁላልና ወተት ቢገዛበት ይሻል ነበር።

"ቢ12 የሚያሰጋው ሥጋ የማይበላን ብቻ ነው"

እዚህ ላይ ጸሐፊው መመርመር ያለባቸውን ሰዎች ረስተዋቸዋል። ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኝ መሆኑ እውነት ነው። ግን ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ የሚጾም ምእመን በፍስኩ እንቁላልና ወተት ስለሚያገኝ ዓመቱን ሙሉ ከማይበላ ሰው ጋር አንድ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ በየወሩ ሜትፎርሚን የሚወስደው የስኳር ታማሚ ነው። ሥጋም ይበላል፣ ግን መድኃኒቱ የቢ12 መመጠጥን ይቀንሳል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ለዓመታት የሚወስደውም፣ ጨጓራው በቀዶ ሕክምና የተነካውም፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችም እንደዚሁ። እግራቸው ሲደነዝዝ "ስኳሩ ነው" ይባላል፤ ቢ12 ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ደም፣ ከዚያ መርፌ። ከተወጉ በኋላ የሚለካው ቁጥር መርፌውን ነው የሚያሳየው። ከ200 እስከ 300 ፒኮ ግራም መካከል ያለ ውጤት ደግሞ አሻሚ ነው፤ ተጨማሪ ምርመራ ወይም የሐኪም ውሳኔ ይፈልጋል። ቢ12 የጎደለው ሰው ብዙ ፎሊክ አሲድ ብቻ ከወሰደ ደም ማነሱ ይሻለውና የነርቭ ጉዳቱ ተደብቆ ይቀጥላል።

"ትርፉ በሽንት ይወጣል"

ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ስብ ውስጥ የሚከማቹ ናቸው። አይረንም የተለየ መውጫ የለውም፤ አንድ ሕፃን የእናቱን አይረን እንደ ከረሜላ ቢበላው ሊሞት ይችላል። ነፍሰ ጡር በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ ቫይታሚን ኤ ብትወስድ ፅንሱን ልትጎዳው ትችላለች። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሾች ላይ በተደረገና በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሯል። በውሃ የሚሟሟው ቢ6 ራሱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል። እነዚያ ሰው ለድካም የሚወጋቸው መርፌዎች ውስጥ አለ።

ምርመራን ለሚያመልክ ጽሑፍ ደግሞ ባዮቲንን መርሳት አስገርሞኛል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮ ግራም ነው፤ አዋቂ በቀን የሚበቃው 30 ነው። ትርፉ በሽንት እስኪወጣ ድረስ የላቦራቶሪ ማሽኖችን ያሳስታል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል፤ የድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) መለያ የሆነው ትሮፖኒን በሐሰት ዝቅ ብሎ የታየበት አንድ ታካሚ ሞቷል። የታይሮይድ ምርመራም ይዛባል፤ የሌለ በሽታ ይታያል። እዚህ ሰፈር ደግሞ ባዮቲን ከፋርማሲ ብቻ አይደለም የሚገዛው፣ የሴቶች ፀጉር ቤትም ይሸጣል። ስለዚህ ደም ልትሰጡ ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ፀጉር ቤት የተገዛውንም ጭምር፣ ደም ቀጂው ክንዳችሁን ሳያስር ንገሩት። ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለባችሁ እሱ ካላወቀው ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ።